ከድንቅነሽ እስከ ኮረም፦ ከፊልም ቁርጥራጭ የተሰፋው የሰው ልጅ ታሪክ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ስታገኙ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ዩቲዩብ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ፤ ፊልም የምትወዱ ሰዎች ሳታዩት አትቀሩም። የሚሠሩት የፊልም ኩባንያዎች አይደሉም፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሌሊቱን በኤዲቲንግ የሚያነጉ የፊልም አፍቃሪዎች ናቸው። ከብዙ ፊልሞች ላይ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሰከንድ እየቆረጡ ይወስዱና በዘመን ቅደም ተከተል ይገጣጥሙታል። ከላይ ልብ የሚያሞቅ ሙዚቃ ይደርቡበታል። ከዚያ በሰባት ስምንት ደቂቃ ውስጥ "የሰው ልጅ ታሪክ" ፊታችሁ ላይ ይሮጣል። እሳት ይገኛል፣ ፒራሚድ ይገነባል፣ ሮም ትነሣለች፣ ሮም ትወድቃለች፣ መርከብ ውቅያኖስ ይሻገራል፣ ቦምብ ይፈነዳል፣ ሰው ጨረቃ ላይ ይረግጣል። መጨረሻ ላይ የሆነ ሕፃን ወደ ሰማይ ቀና ሲል ያሳዩንና ያልቃል።

እኔ እነዚህን ቪዲዮዎች እወዳቸዋለሁ። እናቶቻችን ድሪቶ የሚሉት ልብስ አለ አይደል? ከየቦታው በተለቃቀመ ጨርቅ ተጣጥፎ፣ ተደራርቦ የተሰፋ። እነዚህም የፊልም ድሪቶዎች ናቸው። ስድብ አይደለም። ድሪቶ ያሞቃል። የሰፋው ሰው ልፋትም ከላዩ ላይ ይታያል።

ግን ድሪቶ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ጨርቁ ነው፤ ከየት መጣ? የማን ልብስ ነበር? ሁለተኛው ስፌቱ ነው፤ የትኛው ጨርቅ ከየትኛው ጋር ተገናኘ? ዛሬ ስለ ሁለቱም ላውራችሁ። ምክንያቱም ይሄ ነገር የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ምሽት በቴሌቪዥን የታየ የፊልም ድሪቶ እዚሁ አዲስ አበባ ዘውድ ሲወድቅ የራሱ ድርሻ ነበረው። እዚያ እንደርሳለን።

አጥንቱ

ካየኋቸው ድሪቶዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ቁራጭ ነው። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ካወጣው "2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ" ከሚለው ፊልም የተወሰደ ነው። ዝንጀሮ መሰሉ ፍጡር አጥንት ያነሣል፣ ይመታበታል፣ ይገድልበታል። ከዚያ አጥንቱን ወደ ላይ ይወረውረዋል። አጥንቱ አየር ላይ ሲሽከረከር በአንድ ቅጽበት የጠፈር መንኮራኩር ይሆናል። በፊልም ታሪክ በጣም ከታወቁት ቅጥሎች አንዱ ነው። ሚሊዮኖች ዓመታት በአንድ መቀስ።

ቦታው አፍሪካ ይመስላል አይደል? ተዋንያኑ የነበሩት እንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከጀርባቸው የሚታየው ምድረ በዳ ከናሚቢያ ተነሥቶ የመጣ ፎቶግራፍ ነው፤ ግዙፍ መጋረጃ ላይ በብርሃን የተጣለ። የአፍሪካ ፎቶ መጣ፣ አፍሪካ ግን አልመጣችም። ይሄን ያዙልኝ፤ ደጋግመን እናገኘዋለን።

ከዚያ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ቁራጩ የሚናገረው ነገር ነው። "ሰው፣ ሰው የሆነው መግደያ ባነሣ ቀን ነው" ይላል። ይሄ ኩብሪክ ከአየር ያመጣው ሐሳብ አልነበረም። በጊዜው ሬይመንድ ዳርት የሚባለው የደቡብ አፍሪካ አናቶሚስት፣ ከዋሻ የተገኙ የተሰባበሩ አጥንቶችን አይቶ የጥንት ቅድመ አያቶቻችን ገዳዮች ነበሩ ብሎ ነበር። ሮበርት አርድሬ የተባለ ጸሐፊ ደግሞ ሐሳቡን በ1961 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ አዳረሰው። ፊልሙ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

በኋላ ቦብ ብሬን የሚባል ሌላ ተመራማሪ እነዚያኑ የደቡብ አፍሪካ ዋሻዎች በጥንቃቄ ቢፈትሽ፣ አጥንቱን የሰባበሩት በአብዛኛው አውሬዎች መሆናቸው ታየው። እንዲያውም ስዋርትክራንስ ከተባለው ዋሻ በወጣ አንድ የልጅ የራስ ቅል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። የቀዳዳዎቹ ርቀት ከነብር ክራንቻ ጋር ልክክ አለ። ቅድመ አያቶቻችን አዳኝ ሳይሆኑ ታዳኝ ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ። የኩብሪክ ፊልም ውስጥ ራሱ ነብር አለ! ከአጥንቱ በፊት ባለው ክፍል ነብሩ ከገደል ላይ ዘሎ አንዱን ፍጡር ሲጥለው ይታያል። ሌሊት ሲፈሩም ይታያሉ፤ ተጠጋግተው፣ ዓይናቸው ፈጦ። ድሪቶ ሰፊዎቹ ግን ነብሩን ይጥሉታል፣ አጥንቱን ያስቀሩታል። ፊልሙ የፈራውንም የገደለውንም አሳይቶን ነበር፤ መቀሱ ነው የገደለውን ብቻ ያተረፈው። ሁለት ሰከንድ መምረጥ ማለት ታሪክ መምረጥ ማለት ነው።

ከአፋር ምድር የወጣው ማስረጃ ደግሞ ሌላ አጀማመር ይነግረናል። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ አንጎሏ ትንሽ ነበር፣ ግን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ስንት መቶ ሺህ ዓመት እንዳለ አስሉት። መጀመሪያ መራመድ መጣ፤ ድንጋይ መጥረቡ ኋላ የመጣ ነገር ነው። ስለዚህ ድሪቶውን እኔ ብሰፋው መጀመሪያ የማስገባው አጥንት የሚወረውር እጅ ሳይሆን የሚራመድ እግር ነው። ችግሩ፣ ስለ እግሩ በዚያ ደረጃ የተሠራ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ፊልም የለም።

ዋርዛዛት

ከአጥንቱ ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የዣን ዣክ አኖ "ኩዌስት ፎር ፋየር" (1981 እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ የሴሲል ደሚል "አሥርቱ ትእዛዛት" (1956 እ.ኤ.አ.)፣ ከዚያ "ግላዲያተር"፣ ከዚያ የመስቀል ጦርነቱ "ኪንግደም ኦፍ ሄቨን"፣ ከዚያ የኮሎምበስ መርከቦች፣ ከዚያ የፈረንሳይ አብዮት፣ ከዚያ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች።

እስቲ "ግላዲያተር"ንና "ኪንግደም ኦፍ ሄቨን"ን ተመልከቱ። ሁለቱም የሪድሊ ስኮት ናቸው፤ አንዱ በ2000፣ ሌላው በ2005 (እ.ኤ.አ.) የወጡ። ግላዲያተሩ በመጀመሪያ የሚሸጥበት አቧራማ ከተማም፣ ሳላሃዲን የከበባት ኢየሩሳሌምም የተቀረጹት ሞሮኮ ውስጥ ነው፤ ዋርዛዛት በምትባል ከተማና በአካባቢዋ። ፀሐዩ ጥሩ፣ መሬቱ ሰፊ፣ ክፍያው ረከስ ያለ፣ ስቱዲዮውም እዚያው ያለ። ስለዚህ የአፍሪካ አፈር ሮምን ይጫወታል፣ ኢየሩሳሌምን ይጫወታል። ራሱን ግን እንዲጫወት ብዙም አልተጠራም።

አክሱም በነዚህ ቪዲዮዎች ውስጥ የለችም። ላሊበላ የለችም። ቲምቡክቱ የለችም፣ ታላቋ ዚምባብዌም የለችም። "ነጮቹ ሆን ብለው ነው የሚያጠፉን" የሚል ኮሜንት ከወዲሁ ይታየኛል። እኔ እንደዚያ አልልም። ቪዲዮውን የሰፋው ልጅ ክፋት የለበትም፤ ያለውን ጨርቅ ነው የሰፋው። የአክሱምን መርከቦች በአዱሊስ ወደብ ላይ የሚያሳይ ፊልም ቢፈልግ ከየት ያመጣል? አንድ የጥንት ከተማ በሚገባ ለማሳየት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል። ያን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ የሚያወጣው ቀድሞ ለሚታወቅ ታሪክ ነው። የሚታወቀው ታሪክ ይቀረጻል፣ የተቀረጸው የበለጠ ይታወቃል። ያልተቀረጸው እየደበዘዘ ይሄዳል። ዘመናት ከድሪቶው የሚወድቁት በዚህ መንገድ ነው። የሚጥላቸው የማንም ጥላቻ ሳይሆን የበጀት ሠንጠረዥ ነው።

ስለዚህ እነዚህ ቪዲዮዎች "የሰው ልጅ ታሪክ" ቢባሉም፣ በትክክለኛ ስማቸው "ገንዘብ የወጣበት የሰው ልጅ ታሪክ" ናቸው።

ሁለት ወር

አድዋን እንውሰድ። ሁላችንም የምናውቀው ቀን ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ትኬት ቆርጠው ለሕዝብ የመጀመሪያውን ፊልም ያሳዩት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895። በእኛ ታኅሣሥ 1888 መሆኑ ነው። ሲኒማ የተወለደው ከአድዋ ሁለት ወር ብቻ ቀድሞ ነው!

የሁለት ወር ሕፃን አድዋ ድረስ አልመጣም። ስለዚህ የዚያች ቀን አንድም የሚንቀሳቀስ ምስል የለንም። ያለን ሥዕል ነው። ምኒልክ በአንድ ወገን፣ እቴጌ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ። በባህላዊ አሣሣላችን የኛ ሰዎች ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ጠላት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። አድልዎ ነው? አዎ ነው። ግን ሰዓሊው አልደበቀውም። ፊት ለፊት "እኔ የቆምኩት እዚህ ነው" ብሎሃል። ፊልም ግን የቆመበትን ቦታ አይነግርህም፤ ዝም ብሎ "ይኸው እንዲህ ነበር" ነው የሚልህ።

ኃይሌ ገሪማ "አድዋ" የሚለውን ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሠራ በእጁ የነበሩት እነዚህ ሥዕሎች፣ ዘፈንና ፉከራ፣ የሽማግሌዎች ትዝታና ተራሮቹ ራሳቸው ነበሩ። መቶ ዓመት የዘገየ ካሜራ ማለት ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ያላያችሁ እዩት። ግን ለሦስት ሰከንድ ቁራጭ የሚሆን "የጦርነት ትዕይንት" ለሚፈልግ ድሪቶ ሰፊ አይመችም። ትዝታን በሦስት ሰከንድ መቁረጥ አይቻልም።

ካሜራው በኋላ መጣ። እንዴት መጣ? ከወራሪው ጋር መጣ። በ1928ቱ ወረራ የሙሶሊኒ መንግሥት የፊልም ተቋም ባለሙያዎቹን ከጦሩ ጋር ልኳል። የተቋሙ ስም "ሉቼ" ነው፤ በጣልያንኛ ብርሃን ማለት ነው። ብርሃን! የቀረጹትም መንገድ ሲሠራ፣ አውሮፕላን ሲበር፣ የአገሬው ሰው እጅ ሲነሣ ነው። ከአውሮፕላኑ የሚረጨውን መርዝ ግን ያ ብርሃን አላሳየም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለዚያ መርዝ ተናገሩ። ጣልያን ጉዳዩን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት! ፊልም ባይኖረውም ቃሉ እውነት ነበር።

ያ የሉቼ ምስል ዛሬ በኢንተርኔት ተለቋል። ስለዚያ ጦርነት ቁራጭ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው እሱን ነው። ያገሬ አርበኛ በድሪቶው ውስጥ ቢታይ እንኳ የሚታየው በጠላቱ ዓይን ነው ማለት ነው። የርቫንት ጃኒኪያንና አንጄላ ሪቺ ሉኪ የሚባሉ ባልና ሚስት የፊልም ሠሪዎች የጣልያንን የቅኝ ግዛት ምስሎች ወስደው እ.ኤ.አ. በ2013 "ፔይ ባርባር" (አረመኔ አገር) የሚል ፊልም ሠርተውበታል። እነሱ አላሯሯጡትም። አዘግይተው፣ አቁመው፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ እንድናይ አደረጉ። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። ስፌቱ ሲለወጥ ግን የሚከሰሰው ካሜራውን የያዘው ሰው ሆነ።

ስፌቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ከመቶ ዓመት በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ አንድ ሙከራ ሠራ። ምንም ስሜት የማይታይበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደና አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቹ ተዋናዩን አደነቀ ይባላል፤ ሾርባውን ሲያይ እንዴት ራበው፣ ሬሳውን ሲያይ እንዴት አዘነ! ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ስሜቱን የፈጠረው ስፌቱ ነው።

አስፊር ሹብ የምትባል ሌላ ሩሲያዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህን ወደ ታሪክ አመጣችው። አንድም አዲስ ትዕይንት ሳትቀርጽ፣ አሮጌ የዜና ምስሎችንና የዛሩ የራሱ ካሜራማን የቀረጻቸውን ፊልሞች ከየመጋዘኑ ለቃቅማ "የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት ውድቀት" የሚል ፊልም ሠራች። መኳንንቱ መርከብ ላይ ሲደንሱ፣ ላባቸውን ሲጠርጉ ይታያሉ። ቁርጥ! ገበሬዎች ቦይ ሲቆፍሩ፣ በላብ ሲጠመቁ። ዛሩ ለክብሩ ያስቀረጸው ፊልም መልሶ ከሰሰው። የዛሬዎቹ የዩቲዩብ ልጆች አያታቸው ይቺ ሴት ናት።

አሁን አዲስ አበባ ኑ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ምሽት።

ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ገብቶ ረሃቡን ቀርጾ ነበር። "ያልታወቀው ረሃብ" የሚለው ፊልሙ በጥቅምት 1966 እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ደንግጧል። እኛ አገር ግን ሕዝቡ አላየውም። በዚያ የእንቁጣጣሽ ምሽት ደርግ ፊልሙን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዳለ ግን አይደለም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ ገባበት። ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታዩበት ምስል ገባበት። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ቁርጥ፣ ውሻና ሥጋ። የሹብ መቀስ፣ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በአማርኛ።

በማግሥቱ መስከረም 2 ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

አባቴ ያን ምሽት ያየው ጎረቤት ቤት፣ ሳሎን ሙሉ ሰው ተደራርቦ ቆሞ ነው። "ማንም አልተናገረም" ይላል። "አንዲት ሴትዮ ብቻ 'ውሻ!' አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈራችን ስለ ጃንሆይ በጎ የሚናገር አፍ አልነበረም።" አንድ ቃል፦ ውሻ። ከፊልሙ ሁሉ የቀረው ስፌቱ ነበር።

ነገሩን በጥንቃቄ እንየው። ረሃቡ እውነት ነበር። መደበቁም እውነት ነበር። ውሾቹም እውነት ነበሩ። አንዱም ምስል ውሸት አልነበረም። ስፌቱ ግን ከሦስቱም በላይ አራተኛ ነገር ተናገረ፦ "የናንተን ልጅ እንጀራ የበላው ይሄ ውሻ ነው።" ይሄን ማንም በቃል አላለውም። በቃል ቢባል "የት? መቼ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ነበር። ስፌት ግን አይጠየቅም። ዓይን ይቀበለዋል፣ ልብ ይፈርድበታል።

ለንጉሡ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በረሃብ እየረገፈ ዝም ያለ መንግሥት መጠየቅ ነበረበት። የምለው፣ ፍርዱ የተሰጠው በመቀስ ነበር ነው። መቀሱን የያዙት ሰዎችም ምን እንደሚችል ስላወቁ ለሌላ ጊዜ ከእጃቸው አላወጡትም።

ኮረም

አሥር ዓመት ቆየና መስከረም 1977 መጣ። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን አከበረ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ተመሠረተ። አደባባዩ አጌጠ፣ ሰልፉ አማረ። በዚያው ሰዓት ወሎና ትግራይ እንደገና እየተራቡ ነበር። እንደገናም ዝም ተባለ። ድግሱንና ረሃቡን አጎራብቶ የሚሰፋ መቀስ ግን ያኔ በመንግሥት ቴሌቪዥን አልነበረም። መቀሱ ያለው ድግሱን ባዘጋጀው ሰው እጅ ነበራ!

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ አሳየ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ኮረም፣ ንጋት ላይ፣ ጉም፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሰዎች። ያ ምስል ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ የሰው ሕይወት አተረፈ። ክብር ይገባዋል።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ተመልከቱ። የካናዳ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች የራሳቸውን የረሃብ ምስሎች "ድራይቭ" ከሚባል የፍቅር ዘፈን ጋር ቀጠሉት። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደኑ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታየ። ከምስሎቹ አንዷ ልትሞት ደቂቃዎች የቀሯት የተባለች፣ ዓይኗ የተገለበጠ አንዲት የትግራይ ሕፃን ናት። ቁራጩ እዚያ ላይ ያበቃል። ተመልካቹ ሞተች ብሎ አለቀሰ።

አልሞተችም! ብርሃን ወልዱ ትባላለች። አደገች፣ ተማረች፣ ኮሌጅ ገብታ ግብርና አጠናች። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ለንደን ሃይድ ፓርክ በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ከማዶና ጎን ቆማ ታየች። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሴት።

ግን የዜና ምስል የሚቀላቅሉትን ድሪቶዎች ስታዩ፣ ሰማንያዎቹ ላይ ሲደርሱ የሚመጣው የትኛው ነው? የሕፃኗ ፊት ወይም የኮረም ጉም። ሃያ ዓመት ቆይታ መድረክ ላይ የቆመችው ሴት አትመጣም። ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው። በነዚህ ቪዲዮዎች ውስጥ የኛ ቦታ ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ላይ አጥንት ነን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አጥንታችን የወጣ ሰዎች ነን። በመካከል ያለው ሦስት ሚሊዮን ዓመት መቀሱ ሥር ወድቋል።

ልጆቻችን ይሄን እያዩ ነው የሚያድጉት። ቪዲዮው ስምንት ደቂቃ ነው፤ የታሪክ መጽሐፉ ስምንት መቶ ገጽ። የትኛው እንደሚያሸንፍ እናውቃለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አትዩ አልልም። እዩ፤ ለልጆቻችሁም አሳዩ። ግን አንዴ በሙዚቃ ካያችሁ በኋላ ድምፁን አጥፉና እንደገና እዩት። ሙዚቃው ሲጠፋ ስፌቱ ይወጣል። ያኔ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ይሄን ማን ቀረጸው? ለማን ብሎ? ከጎኑ ምን ተቀጠለ? ልጆች ይሄን ጨዋታ በፍጥነት ይለምዱታል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው የእህቴ ልጅ አሁን ከእኔ ቀድሞ ነው የሚይዘው፤ "አጎቴ፣ ይቺ ደግሞ ሞሮኮ ናት" ይለኛል።

ሁለተኛው፣ ኤዲቲንግ የምትችሉ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተው ስፉት። ጨርቅ የለም አትበሉ። የ1923ቱ የዘውድ በዓል ፊልም አለ። በ1957 የተሠራው "ሂሩት አባቷ ማን ነው?" አለ። የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" እና "ጤዛ" አሉ። የየቤታችን የሠርግና የክርስትና ካሴት አቧራ ለብሶ በየቁም ሣጥኑ አለ፤ ቴፑ ሳይበላሽ አስገልብጡት። የሉቼንም ውሰዱት። ጠላት በሰጠን ጨርቅ የራሳችንን ልብስ መስፋት እንችላለን።

እኔ ብሰፋ አንድ ስፌት አለ፣ ካየኋቸው ድሪቶዎች በአንዱም ያላገኘሁት። ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ አዲስ አበባ ከርቸሌ ውስጥ፣ ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ሚኒስትሮችን፣ ጄኔራሎችንና መኳንንትን ያለ ፍርድ ረሸነ። በማግሥቱ እሑድ ኅዳር 15፣ አፋር ሐዳር ላይ፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የድንቅነሽን አጥንት ከመሬት ላይ አገኙ። በአንድ አገር፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ ባንዱ በኩል የሰው አጥንት መሬት ሲገባ፣ በሌላው በኩል የሰው ልጅ ሁሉ ዘመድ የሆነችው አጥንት ከመሬት ወጣች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ እኔም ስፌት ሰፋሁ፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ለእኔም ጠይቁኝ። ቀኖቹ ግን እውነት ናቸው።

ለልጆቻችን አጥንቱን ብቻ አንተውላቸው። የተራመደችውንም እግር፣ መድረክ ላይ የቆመችውንም ብርሃንን እናሳያቸው።

እናንተ ብትሰፉት የትኛውን ቁራጭ ታስቀድሙ ነበር? የትኛውስ ካልገባ አይሆንም ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። ቤታቸው ያረጀ ፊልም ወይም ካሴት ያላቸው ሰዎች እንዲያዩት ለምታውቋቸውም አጋሩ።

ሰላም ሰንብቱልኝ።